ስለ ዓሣ ጆሮ ድንጋይ

ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያደንቀው ትልቁን ነገር ነው። ተራራውን፥ ገደሉን፥ ታላቁን ወንዝ አይቶ ይገረማል፤ በእግሩ ሥር ያለችውን ጠጠር ግን ረግጧት ያልፋል። ነገር ግን ትልቁ ዝም ሲል ትንሹ የሚናገርበት ጊዜ አለ። ልጆች ሆይ፥ የዛሬው ትምህርታችን ከምስር ፍሬ እምብዛም ስለማትበልጥ ስለ አንዲት ድንጋይ ነው። እርስዋም የምትገኘው በዓሣ ራስ ውስጥ ነው። ትምህርቱን ከመጀመሬ አስቀድሞ ግን እኔ ራሴ ያጠፋሁትን ጥፋት እነግራችኋለሁ፤ ያ ጥፋት ባይኖር ይህን ነገር ለማወቅ ባልተነሣሁም ነበርና።

በመርጡለ ማርያም ሳስተምር ከተማሪዎቼ አንዱ በዕረፍት ጊዜ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ወደ ደጀን ሄዶ ነበር። ሲመለስም በነጠላው ጫፍ አንድ ድንጋይ ቋጥሮ መጣ። ድንጋዩ ነጣ ያለ ነው፤ ባንድ ወገኑም የዛጎል መልክ ነበረበት። ልጁም እጅ ነሥቶ፥ «የኔታ፥ ይህን ከዓባይ ቁልቁለት አገኘሁት። ዛጎል ከባሕር ይወጣል ብለው አስተምረውን ነበር፤ ባሕሩ ግን ከዚህ እጅግ ሩቅ ነው። ታዲያ ይህን ወደ ደጀን ማን አመጣው?» ብሎ ጠየቀኝ።

መልሱን አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለትን ግን በተማሪዎች ፊት አፈርሁ። ስለዚህ፥ «ድንጋይ ድንጋይ ነው፤ መልኩን ዝናብ አበጅቶት ይሆናል። ጣለውና ንባብህን ቀጥል» አልሁት። ልጆቹም ሳቁበት። እርሱም ወጥቶ ድንጋዩን ከትምህርት ቤቱ በታች ካለው ፈፋ ጣለው። ቀድሞ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ያ ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁን ማንሣት ተወ።

የልጁ ዝምታ ከስድብ ይልቅ ወቀሰኝ። ስለዚህ መጻሕፍትን አገላበጥሁ፤ የሚያውቁ ሰዎችንም ጠየቅሁ። ያገኘሁትን እነሆ በተራው እነግራችኋለሁ።

የዓባይ ገደል ምስክርነት

ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መንገደኛ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። የገደሉም ግድግዳ በመሶብ ውስጥ እንደ ተደራረበ እንጀራ ነው። በመሶብ ውስጥ ከሥር ያለው አስቀድሞ የተጋገረው፥ ከላይ ያለው በኋላ የተጋገረው እንደ ሆነ እናቶቻችሁ ያውቃሉ። በገደሉም እንደዚሁ ነው፤ የታችኛው ንጣፍ አስቀድሞ፥ የላይኛው ዘግይቶ የተነጠፈ ነው።

ከታች ወንዞች ያመጡት የአሸዋ ድንጋይ አለ። በላዩ ጀሶ ያለበት ንጣፍ ይገኛል። ጀሶ በሰሌዳ የምንጽፍበት ጠመኔ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ነጭ ነገር ነው። ጀሶ የሚበዛው ጥልቀት የሌለው የባሕር ውሃ ፀሐይ እየመታው ሲተን ነው። ከጀሶው በላይ የኖራ ድንጋይ ወፍሮ ተቀምጧል፤ በውስጡም ዛጎልና የባሕር ቀንድ አውጣ ሞልቶበታል። ከዚያ በላይ የጭቃ ድንጋይና ሌላ የአሸዋ ድንጋይ አለ። በመጨረሻም ሁሉን የሸፈነው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ እርሱ ከምድር ሆድ እሳት ሆኖ ፈስሶ፥ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የረጋ ነው።

እንግዲህ ለልጁ ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ዛጎሉን ወደ ደጀን ያመጣው ማንም የለም፤ ባሕሩ ራሱ ከዚያ ቦታ ነበረ። የኖራው ድንጋይ ከ160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በባሕር ወለል የተነጠፈ ነው። ዝናብ አበጀው ያልሁት መልክ በእውነት ሕይወት የነበረው ፍጥረት ቤት ነበረ።

ነገር ግን ባሕር ባንድ ቀን አይመጣም፥ ባንድ ቀንም አይሄድም። በባሕርና በየብስ መካከል ወንዙ ከባሕር የሚገናኝበት ስፍራ አለ። በዚያ ያለው ውሃ እንደ ባሕር ውሃ እጅግ ጨዋማ አይደለም፤ እንደ ምንጭ ውሃም ጣፋጭ አይደለም። እኛ በዚህ ትምህርት ቅልቅል ውሃ እንለዋለን። ዝናብ ሲበዛ ወንዙ ያሸንፍና ውሃው ይጣፍጣል፤ በድርቅ ጊዜ ደግሞ ባሕሩ ያሸንፍና ጨው ይሆናል። አሁን ልብ በሉ። ውሃው ከደረቀ ሚሊዮን ዓመታት ካለፉ በኋላ ጨው እንደ ነበረበትና እንዳልነበረበት ማን ቀምሶ ይነግረናል? ያን ውሃ ኖሮበት የመዘገበልን አንድ ምስክር አለ፤ እርሱም የዓሣ ጆሮ ድንጋይ ነው።

የጆሮ ድንጋይ ምንድር ነው?

ዓሣ እንደ በግና እንደ ላም ከራሱ ላይ ቆሞ የሚታይ ጆሮ የለውም። ስለዚህ ብዙ ሰው ዓሣ አይሰማም ይላል። ነገር ግን ጆሮው በራስ ቅሉ ውስጥ ተሰውሯል። አጥንት ባላቸው ዓሦች በቀኝ ሦስት፥ በግራ ሦስት፥ በጠቅላላው ስድስት ድንጋዮች በጆሮ ውስጥ ይገኛሉ። አንዳንድ ሰዎች የጆሮ አጥንት ይሉአቸዋል፤ ነገር ግን አጥንት አይደሉም። የተሠሩት ከኖራ ድንጋይና ከዛጎል ዘር ነው።

ሥራቸውም እንዲህ ነው። ድንጋይዋ ውሃ በሞላበት ከረጢት ውስጥ፥ እጅግ ቀጫጭን በሆኑ ጠጉሮች ላይ ተቀምጣለች። ዓሣው ወደ ጎን ሲያዘነብል ወይም ድምፅ በውሃው ውስጥ ሲመጣ፥ ድንጋይዋ ከሥጋው ይልቅ ከባድ ናትና ወደ ኋላ ትቀራለች። ያን ጊዜ ጠጉሮቹ ይጎብጣሉ፤ ዓሣውም ድምፁን ይሰማል፥ ላይና ታቹንም ይለያል። በእኛም ጆሮ ውስጥ እንደ ትቢያ የደቀቁ እንዲህ ያሉ ድንጋዮች አሉ። እነርሱ ከስፍራቸው የተናወጡበት ሰው ቤቱ የሚዞርበት ይመስለዋል።

የእያንዳንዱ ዓሣ ወገን የጆሮ ድንጋይ የራሱ መልክ አለው። አንዱ እንደ ምስር ክብ፥ አንዱ እንደ ገብስ ሞላላ፥ ሌላው በዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ የተነቀሰ ነው። የቀረሶ ድንጋይ የአምባዛን አይመስልም። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ድንጋይዋን ብቻ አይቶ ዓሣው ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ይናገራል። እናንተም በመርጡለ ማርያም ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠራችውን የቤተ ክርስቲያን ፍራሽ አይታችኋል። በድንጋዩ ላይ ያለውን ቅርጽ ስታዩ የጠራቢው እጅ እንዴት ያለ እንደ ነበረ ታውቃላችሁ፤ ጠራቢውን ግን አላያችሁትም። የጆሮ ድንጋይም እንደዚሁ ያላየነውን ዓሣ ታሳውቀናለች።

ድንጋይዋ እንዴት ትመዘግባለች?

ዓሣው ሲያድግ ድንጋይዋም ታድጋለች። በየቀኑ አንድ ቀጭን ሽፋን በላይዋ ይጨመራል፤ ውፍረቱም ከራስ ጠጉር እጅግ ያነሰ ነው። እንዲህ ያለ የየቀኑ ቀለበት መኖሩን ጆርጆ ፓኔላ የሚባል ሊቅ በ1971 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሳወቀ። ከዚያ አስቀድሞ በ1899 በጀርመን አገር ራይቢሽ የተባለ ሰው በጆሮ ድንጋይ ቀለበት የዓሣን ዕድሜ ቆጥሮ ነበር። ብርድ በጸናበት አገር ዓሣው በክረምት ቀስ ብሎ፥ በበጋ ፈጥኖ ያድጋልና በየዓመቱ አንድ ጨለማና አንድ ብርሃናማ ቀለበት ይታያል። እንደ እኛ ባለ አገር ግን ቀለበቱ ከዝናብና ከድርቅ፥ ዓሣው ከሚራባበትም ወራት ጋራ ይያያዛል። ስለዚህ ቀለበቱ በምን ጊዜ እንደሚሠራ አስቀድሞ ሳያጣራ የሚቆጥር ሰው ይሳሳታል።

ዳግመኛም ይህን አስተውሉ። ዓሣ ሲራብ ከቅርፊቱ ጥቂት ጥቂት እየመለሰ ለሥጋው ይወስዳል፤ ከጆሮ ድንጋዩ ግን አይወስድም። በጥጋብ ቀን የተጻፈው በረኀብ ቀን አይፋቅም። የመልካሙም ቀን፥ የክፉውም ቀን ምልክት በተራው ይኖራል።

ውሃውም በቀለበቱ ውስጥ ምልክቱን ይተዋል። በባሕር ውሃ ስትሮንቲየም የሚባል ነገር ከወንዝ ውሃ ይልቅ ይበዛል፤ በወንዝ ውሃ ደግሞ ባሪየም የሚባለው ይበረክታል። ዓሣው በየትኛው ውሃ እንደ ኖረ፥ እነዚህ ነገሮች በዚያ ቀን በተሠራው ሽፋን ውስጥ በዝተው ወይም አንሰው ይገኛሉ። ለምሳሌ ሳልሞን የሚባለው ዓሣ በወንዝ ይወለዳል፥ ከዚያ ወደ ባሕር ወርዶ ያድጋል፥ ለመራባትም ወደ ወንዙ ይመለሳል። ሊቃውንት ድንጋይዋን ሰንጥቀው ከመካከልዋ እስከ ዳርዋ ሲመረምሩ ይህን ጉዞ ሁሉ ያነባሉ። እንግዲህ ውሃውን ማን ቀመሰው ያልነው መልስ አገኘ። ዓሣው ቀመሰው፤ ድንጋይዋም ጻፈችው።

ከጥንት ውሃ የተገኙ ድንጋዮች

ዓሣ ሲሞት ሥጋው ይበሰብሳል፥ አጥንቱም ይበታተናል። ድንጋዮቹ ግን ጠንካሮች ናቸውና ወደ ጭቃው ወርደው ይቀበራሉ። ዓሣውን ሌላ ዓሣ ቢውጠው እንኳ ድንጋዮቹ አንዳንድ ጊዜ ከፋንድያው ጋራ ወጥተው ይቀራሉ። ስለዚህ የዓሣ አጽም በማይገኝበት ስፍራ የጆሮ ድንጋይ በብዛት ይገኛል። በ1884 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኤርንስት ኮከን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በምድር ውስጥ የተቀበሩትን እነዚህን ድንጋዮች መርምሮ፥ የጠፉ ዓሦች በእነርሱ እንደሚታወቁ አስተማረ።

ነገር ግን በሁሉም ስፍራ አይቆዩም። የጆሮ ድንጋይ የተሠራችበት ነገር በምድር ውስጥ በሚያልፍ ውሃ ቀስ በቀስ ይሟሟል። ውሃ በቀላሉ በሚያልፍበት ድንጋይ ውስጥ ብዙ ጊዜ ጠፍታ ባዶ ስፍራዋ ብቻ ይቀራል። ውሃ አላሳልፍ በሚል ለስላሳ ጭቃ ውስጥ ግን እንደ ትናንት ሆና ትቆያለች።

ከቅልቅል ውሃ የመጡት የጆሮ ድንጋዮች እጅግ ከታወቁባቸው ስፍራዎች አንዱ በአውሮፓ ነው። በጥንት ዘመን ከአልፕስ ተራሮች ሥር አንሥቶ እስከ ካስፒያን ባሕር ማዶ ድረስ የተዘረጋ ውሃ ነበር፤ ሊቃውንት ፓራቴቲስ ይሉታል። ከ12 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከውቅያኖስ ጋራ የሚያገናኘው በር ተዘጋ። ወንዞች እየገቡበት ጨውነቱ ለዘበ፤ በባሕር ጨው ብቻ የሚኖሩት ፍጥረቶች አለቁ። ጎቢ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች ግን ቅልቅሉን ውሃ ችለው በዙ። ይህም የታወቀው በጭቃው ውስጥ በቀሩት የጆሮ ድንጋዮቻቸው ነው። ጥቁር ባሕርና ካስፒያን ባሕር የዚያ ታላቅ ውሃ ቅሬታዎች ናቸው፤ በእነርሱም ውስጥ የጎቢ ወገኖች እስከ ዛሬ ይኖራሉ።

በእኛም አገር ባሕር መጥቶ የሄደበት ምልክት በዓባይ ብቻ አይደለም። በአፋር ምድር፥ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው በደናክል፥ ቀይ ባሕር ገብቶ ነበር። ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት የበቀለው የባሕር ዛጎልና ኮራል በዳሩ ደርቆ ይታያል። ባሕሩ ተቋርጦ ሲደርቅ ጨው ሆኖ ቀረ። አያቶቻችሁ በጎጃም ገበያ እንደ ገንዘብ የተቀበሉት አሞሌ ከዚያ ምድር በግመልና በበቅሎ ተጭኖ የመጣ ነው። እንግዲህ የጎጃም ገበሬ አሞሌውን ሲልስ የጠፋ ባሕር ይቀምስ ነበር።

ወደ ዓባይ ገደል እንመለስ። ከኖራው ድንጋይ በላይ ያለው የጭቃ ድንጋይ ባሕሩ ሲሸሽና ወንዞች ስፍራውን ሲይዙ የተነጠፈ ነው። ሊቃውንት በሙገር ስም ይጠሩታል። ከዚሁ ንጣፍ የዓሣ፥ የኤሊ፥ የአዞና የዳይኖሶር ቅሪት መገኘቱን የሚናገር ጥናት በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ታትሟል። እንዲህ ያለ ጭቃ ሲመረመር ሥራው እንደ ቤት ሥራ ነው። ጭቃው በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ሲለሰልስ በደቃቅ ወንፊት ይታጠባል። በወንፊቱ ላይ የቀረው ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሰው በአጉሊ መነጽር እያየ፥ በቀጭን ቡሩሽ ጥርሱን ከጠጠሩ፥ የጆሮውን ድንጋይ ከአሸዋው ይለያል። እናቶቻችሁ ምስር ሲለቅሙ አላያችሁምን? ፍሬውን ከጠጠር ለመለየት ብርቱ ክንድ አያስፈልግም፤ የማይሰለች ዓይን ግን ያስፈልጋል።

የትምህርቱ ፍጻሜ

ይህን ሁሉ ከተማርሁ በኋላ ከዓባይ የተያዘ አንድ ቀረሶ ገዝቼ ወደ ትምህርት ቤት አመጣሁ። በተማሪዎቼም ፊት ራሱን በቢላዋ ከፈልሁ፤ ከአንጎሉ በታች ሁለቱን ትልልቅ ድንጋዮች አወጣሁ። እንደ ጥርስ ነጭ ነበሩ። ከዚያም ያን ልጅ ወደ ፊት ጠርቼ አንዱን በመዳፉ አኖርሁለትና፥ «ልጄ፥ ያን ቀን የጠየቅኸኝ መልካም ጥያቄ ነበረ። እኔ አላውቅም ማለትን አፍሬ አሳፈርሁህ። ጥፋቱ የእኔ ነው፥ ይቅር በለኝ» አልሁት። የሳቁበት ልጆች አንገታቸውን ደፉ። እርሱም ድንጋይዋን አገላብጦ ካየ በኋላ ዝግ ባለ ድምፅ፥ «የኔታ፥ ይህ ዓሣ ስንት ዓመት ኖረ?» አለኝ። እኔም በዚያ ቀን ደስ እያለኝ፥ «አላውቅም፤ ና አብረን እንመርምር» ብዬ መለስሁለት።

በዚያው ሰሞን ልጁ የጣለውን ድንጋይ በፈፋው ውስጥ ሦስት ቀን ፈለገ። ጓደኞቹም አብረውት ፈለጉ፤ እኔም ወረድሁ። ነገር ግን ክረምቱ ጎርፍ አውርዶበት ነበርና አላገኘነውም። በዓመቱ ወደ ደጀን ሲሄድ ሌላ አመጣ፤ እርሱም ዛሬ በትምህርት ቤቱ መስኮት ላይ ተቀምጧል። የፊተኛው ግን አልተመለሰም።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ሦስት ነገር ተማሩ። መጀመሪያ፥ ትንሹን ነገር ትንሽ ስለ ሆነ አትናቁት፤ የተናቀ ነገር ሁልጊዜ ተመልሶ አይገኝም። ሁለተኛ፥ የማታውቁትን አላውቅም ማለት አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ሳያውቁ መናገርና የሚጠይቀውን ማሳፈር ነው። ሦስተኛ፥ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፥ የጆሮ ድንጋይም የምታድገው በቀን አንድ ቀጭን ሽፋን እየጨመረች ነው። የእናንተም ዕውቀት እንዲሁ ነው። ዛሬ አንድ ቃል፥ ነገ አንድ ቃል ብትጨምሩ፥ ሽፋኑ እጅግ ቀጭን ቢሆን እንኳ በላዩ ሌላው ይደረብበታል።

ጥያቄ

፩. ልጁ ከዓባይ ቁልቁለት ያመጣው ድንጋይ ምን መልክ ነበረበት?
፪. የገደሉ ንጣፍ በመሶብ ካለ እንጀራ ጋራ የተመሳሰለው ስለ ምንድር ነው?
፫. ቅልቅል ውሃ የሚባለው እንዴት ያለ ውሃ ነው?
፬. የዓሣ ጆሮ ድንጋይ ለዓሣው ምን ይጠቅመዋል?
፭. ዓሣው በባሕር ወይም በወንዝ እንደ ኖረ ከድንጋይዋ እንዴት ይታወቃል?
፮. መምህሩ ተማሪውን ይቅርታ የለመነው ስለ ምንድር ነው? አንተ ወይም አንቺ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?